ለዓሣ የተሟገተው ኦቦ ፉፋ

ሞቱን የነገረኝ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ድልድዩን ሲሻገር ፍጥነቱን እንኳ በደንብ አልቀነሰም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አዴ አስካለ! ያ የዓሣው ሰውዬ አርጆ ላይ ሞተ! ትናንት ተቀበረ!» ብሎ ጮኸና አቧራውን አልብሶኝ ወደ በደሌ ነጎደ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋዬን እንደያዝኩ መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ንዴት ነው። የዓሣው ሰውዬ! ስም የለውም? ስሙ ፉፋ ነው። ኦቦ ፉፋ፤ አቶ ማለት ነው፣ እኔን አዴ እንደሚሉኝ ሁሉ።

ያን ቀን እኔ ቤት ምሳ የበላ ሰው ጨው የበዛበት ወጥ ነው የበላው። አንድ ቦታ መቆም አልቻልኩም። ወደ ወንዙ ወረድኩ፣ ተመለስኩ፣ ያለ ምክንያት እንደገና ወረድኩ። ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰውየውን እወቁት።

ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ በነበሩበት ጊዜ ነው። ከነቀምት ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ፣ ዴዴሳ ድልድይ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ባሌ በመንገድ ሥራ ላይ ሳለ ወባ ገደለብኝ፤ ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ ወደ ሸዋ ከመመለስ እዚያው መቅረትን መረጥኩ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል። አገሩ ቆላ ነው። በሬ በገንዲ በሽታ ስለሚያልቅ ሰው በዶማ ቆፍሮ ነው የሚዘራው። ሥጋ ብርቅ ነው፤ ዓሣ ግን ሞልቶ ነበር። ሞልቶም ዓሣ አጥማጅ የተናቀ ነው። ልጁን የሚድርለት የለም፤ አንድ አግዳሚ ላይ አብሮት የሚቀመጥም ጥቂት ነው። ይሸታል ይሉታል። ምግቤን በልተው አፋቸውን እየጠረጉ፣ ዓሣውን ያመጣው ሰው በር ላይ ሲደርስ አፍንጫቸውን የሚይዙ ሰዎች ነበሩ። እነዚያን ሰዎች ሁለት ጊዜ በጭልፋ አባርሬያለሁ።

ኦቦ ፉፋ ረጅምና ቀጭን ነው። ሲቆም አንድ እግሩን አንስቶ በሌላው ጉልበት ላይ ያሳርፋል፤ ብዙ ሰዓት እንደዚያ ይቆያል። ሲያወራ ደግሞ የሰውን የእጅ አንጓ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። «ምን ሆነሃል፣ ልቀቀኝ» ስለው «እንዳታመልጪኝ ነዋ» ይላል። እጁ በቀትር ፀሐይም ይቀዘቅዛል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ መጀመሪያ ቤቴ የመጣ ቀን «አንቱ፣ ይግቡ» አልኩት። ማን መጣ ብሎ ዞሮ ወደ ኋላው አየ።

«ኧረ አንቱን ነው!»

ሳቀ። «ማሎ፣ እባክሽ፣ ይህን ለዳኛው ለግራዝማች አስቀምጪው። እኔ ላይ አይቆምም።»

ከዚያ ወዲህ አንተ እያልኩት ኖርን።

የሚያጠምደው በአንድ መንጠቆና በአንድ ክር ነው። አንድ ቀን ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ደረሰብኝና ዓሣ አነሰኝ። ሮጬ ወንዝ ስወርድ፣ ክንዴን የሚያህል ዓሣ ከመንጠቆው ፈትቶ ወደ ውኃው ሲመልስ አየሁት።

«አብደሃል? ሰው እርቦት ተቀምጧል!» አልኩት።

«በክንፉ ነው የተያዘው። ሳላየው ነው የወጋሁት።»

«ቢሆንስ? ዓሣ ዓሣ ነው!»

አንጓዬን ያዘኝ። «አይደለም፣ አስካለ። አፉን ከፍቶ የመጣ ፈልጎ መጣ። ተታለለ፤ ይሁን፣ እኔም ስንት ጊዜ ተታልያለሁ። ይህኛው ግን መንገዱን ሲሄድ ነው የወጋሁት። መንገደኛ ይዘረፋል?»

ሾፌሮቹ ያን ቀን ሽሮ በሉ። እኔም ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። እሱ ግን ማኮረፌን ልብ ያለም አይመስለኝም፤ በየማለዳው ዓሣውን በቅጠል ጠቅልሎ አምጥቶ «አካም፣ ነጋ ነው?» እያለ በሬ ላይ ይቆም ነበር።

ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ላጋ ዲማ የሚባል አነስተኛ ወንዝ ዴዴሳ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውኃው በአፈር ይቀላል። ያኔ ትልልቁ ዓሣ ከዴዴሳ ወጥቶ፣ ላይ ያለው ጠጠር ላይ እንቁላሉን ለመጣል ሽቅብ ይሄዳል። መንገዱ ላይ ትንሽ ፏፏቴ አለች፤ ከሥሯ ጥልቅ ኩሬ አለ። ውኃው ሞልቶ እስኪያሳልፈው ድረስ ዓሣው እዚያ ኩሬ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይጠብቃል። ጀርባው ጀርባ ላይ ሲወጣ ይታያል። ኦቦ ፉፋ በዚያን ሰሞን መንጠቆውን ጣራ ላይ ሰክቶ የሰው እርሻ ሊቆፍር ይሄድ ነበር። ለምን ስለው፣ «ምጥ ላይ ናቸው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ደጃፍ ላይ ጦር ይዘሽ ትቆሚያለሽ?» አለኝ።

እንደዚህ እያልን ስንኖር ሙሴ ያኒ መጣ።

ሙሴ ያኒ ነቀምት ላይ ሱቅ የነበረው ግሪክ ነው። ኦሮምኛውም አማርኛውም የገበያ ነው፤ ግን ከሁሉም ጋር ይስቃል። በአንድ ክረምት መግቢያ ቤቴ ምሳ ሊበላ ቆመና፣ የዓሣ ሆድ ከፍቼ እንቁላሉን ከአንጀቱ ጋር ስጥል አየኝ። ጭንቅላቱን ያዘ።

«ትጥይዋለሽ? አዴ አስካለ፣ ይህን ትጥይዋለሽ?»

«ምን ላድርገው፣ ሙሴ? ልታቀፈው?»

እሱ አገር በጨው አድርቀው እንደሚበሉት፣ አዲስ አበባ ያሉ ሆቴሎችም እንደሚሻሙበት ነገረኝ። በሳምንቱ ጨው በጆንያ፣ ቆርቆሮ በደርዘን ጭኖ ተመለሰ። ከአንድ ዓሣ ሆድ ለሚወጣ እንቁላል የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ዋጋ እከፍላለሁ አለ። «ሥጋውን እናንተ ብሉት፤ እኔ እንቁላሉን ብቻ።»

እንግዲህ ትናንት አፍንጫቸውን ይዘው የሚያልፉት ሁሉ በአንድ ሳምንት ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። ችግሩ፣ እንቁላል ሊጥል የሚወጣ ዓሣ መብል አያምረውም፤ አፉን ለመንጠቆ አይከፍትም። መላውን ያገኘው ብረት ቀጥቃጩ ቶላ ነው። ሦስት ትልልቅ መንጠቆ ጀርባ ለጀርባ አሰረ፤ ከሥሩ ድንጋይ አንጠለጠለ። ጥፍር አሉት። ኩሬው ውስጥ ወርውረህ፣ እስኪሰምጥ ጠብቀህ፣ በሙሉ ጉልበትህ መሳብ ነው። ሆዱንም ይያዝ፣ ዓይኑንም፣ ጀርባውንም፣ ያገኘውን ይዞ ይወጣል። ለአንድ የወጣ ሁለት ተቀዶ ያመልጣል። ያመለጠውም አይድንም፤ ነጭ ሆዱን ገልብጦ በድልድዩ ሥር ሲያልፍ ቀኑን ሙሉ አይ ነበር። የወጣውም ቢሆን እንቁላሉ ተወስዶ ሥጋው ይጣላል። ያን ሁሉ ሥጋ ማን ይበላዋል? አሞራ እንኳ ጠግቦ ዛፍ ላይ ያንቀላፋ ነበር።

እኔም አለሁበት። እንቁላሉን የማጥበውና ጨው የማደርገው እኔ ነበርኩ። በዚያ ገንዘብ ልጆቼን ነቀምት ትምህርት ቤት አስገባሁ። ስለዚህ ሲከራከሩ ሰምቼ ዝም አልልም፤ ወገኔ ከነቶላ ጋር ነበር። ደግሞ ክርክሩ የትም ነበር። ገበያ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። መምሬን «የዓሣ እንቁላል በጾም ዓሣ ነው ወይስ እንቁላል?» ብለው ጠየቋቸው። ሦስት ቀን አሰቡበትና «ለፈረንጅ የሚሸጥ ከሆነ አያሳስብም» አሉ። የወንጌል አማኞቹ ደግሞ እሑድ ብቻ ጥፍር አይጣል ብለው ተስማሙ። ዓሣውን የጠየቀ አልነበረም።

ኦቦ ፉፋ ብቻ ነው የጠየቀው። አንድ ጠዋት እንቁላል እያጠብኩ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«አስካለ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

ያዘኝ። ጨው የበላውን ጣቴን ገልብጦ አየው። «ስንት ዓሣ ነው እዚህ እጅሽ ላይ ያለው?»

«የልጆቼ ደብተርም አለበት» አልኩት። ተናድጄ ነበር። «አንተ ስትገድል ጽድቅ፣ ሌላው ሲገድል ኃጢአት? ስንት ዓመት ብቻህን ስትበላ ኖርክ። ዛሬ ድሀው ሁሉ ስለደረሰበት አመመህ አይደል?»

እጄን ለቀቀው። «ይህን ቶላ ቢለኝ ይገባኛል» ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ ኩሬው ዳር ሄደ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ጥፍር እየወረወረ ነው። ድንጋይ ላይ ወጣና እጁን አንስቶ ጮኸ፦ «በንጉሥ አምላክ! ጥፍር የሚወረውር ሁሉ በንጉሥ አምላክ ይቁም!»

በዚያን ዘመን እንደዚህ ተብሎ የተያዘ ሰው ዳኛ ሳያየው አንድ እርምጃ አይራመድም። ሠላሳው ሰው ክሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። በቶላ ክር ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ ይንፈራገጣል።

«ፉፋ!» አለ ቶላ፣ «ይህንን ላውጣው ወይስ እሱም በንጉሥ አምላክ ይቁም?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ቢሆንም ማንም አልወረወረም። ተያይዘው ወደ ዳኛው ሄዱ።

አጥቢያ ዳኛችን ግራዝማች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ዳር ሾላ ሥር ያስችሉ ነበር። ቤቴን ዘግቼ ሄድኩ። ያን ያህል ሰው በዚያ ሾላ ሥር አይቼ አላውቅም።

«ከሳሽ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ምን ተወሰደብህ?»

«የኔ የተወሰደ የለም።»

«ወንዙ ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

«ዓሣውስ?»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ማን ተበድሎ ነው የንጉሥን ስም የጠራኸው?»

ኦቦ ፉፋ አንድ እግሩን አነሳ፤ ዳኛ ፊት መሆኑ ትዝ ብሎት አወረደ። «ገና ያልተፈለፈሉት ናቸው የተበደሉት» አለ።

ቶላ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጌታዬ፣ እኔ የተፈለፈሉ አምስት አሉኝ። ምሳቸውን ይጠብቃሉ።»

ገበያው አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልደብቅም።

ግራዝማች ፊታቸውን አጠቆሩ። የንጉሥ ስም ለዓሣ አይጠራም፣ ያስቀጣል አሉ። የኦቦ ፉፋ ደም የፈላው ያን ጊዜ ነው። በክርክር መካከል መወራረድ በኛ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ ሰው በማርም በበቅሎም ይወራረዳል። እሱ ማርም በቅሎም አልነበረውም። «እወራረዳለሁ!» ብሎ ጮኸ። «እንዲህ ከቀጠሉ በሚመጣው ክረምት ዓሣው ወደ ላጋ ዲማ አይወጣም። ከወጣ ዕድሜ ልኬን እጄን ወንዝ ውስጥ አላስገባም!»

ግራዝማች ውርርድ ይወዳሉ። ቅጣቱን ረሱት። «ቶላስ?»

«ካልወጣ ጥፍሩን ሁሉ አቅልጬ ዶማ እሠራበታለሁ። ሁላችንም እንተወዋለን።»

«ይጻፍ። ዋስ ጥሩ።»

ለቶላ አሥር እጅ ወጣ። ለኦቦ ፉፋ አንድም አልወጣም። ከሱ ዓሣ ሲገዛ የኖረው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ዋስ ያጣ ከሆነ በገመድ ታስሮ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ አርጆ መወሰዱ ነው። ወደ እኔ ቢያይ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። አላየኝም። ብድግ አልኩ።

«እኔ ዋሱ ነኝ።»

«የእንቁላሏ ሴትዮ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ግራዝማች መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ከነቶላ ወገን አልነበርሽም?»

«ነኝ። ግን ሰው ዋስ አጥቶ ሲቆም አላይም። ቃሉን ከጠበቀ አብሬው ነኝ፤ ካልጠበቀ አስጠብቀዋለሁ።»

በዚህች የመጨረሻዋ ንግግሬ ኮርቼባት ነበር። ጸሐፊው ጻፈ፤ አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን አተምን።

ስንመለስ ከገበያው እንደወጣን ኦቦ ፉፋ ድንገት ቆመ። ሁለቱንም አንጓዬን ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አስካለ፣ ተሳስቻለሁ።»

«ምኑን?»

«የሚመጣው ክረምት የሚወጡት ድሮ የተፈለፈሉት ናቸው። አሁንም ዴዴሳ ውስጥ አሉ፤ ይወጣሉ። ዘንድሮ የታረደው እንቁላል የሚጎድለው ከአራት ከአምስት ክረምት በኋላ ነው። ዓሣ እንደ ዶሮ አያድግም። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ ብቻ! ንዴት አስረሳኝ። ነይ እንመለስ። ዋሴ ነሽ፣ አንቺ ካልሽ ግራዝማች ይሰማሉ። አምስት ክረምት ይበሉት።»

ዞር ብዬ አየሁ። ግራዝማች ገና ሾላው ሥር ናቸው። በቅሏቸው አልተጫነችም። ሰውም አልተበተነም። ቁርጥ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

«ያልከውን ብለሃል» አልኩት። «ቶላ ነገ ተሳስቻለሁ ብሎ ቢመጣ ትቀበለዋለህ? አትቀበለውም። ላንተ ሲሆን የሚላላ፣ ለሱ ሲሆን የሚጠብቅ ፍርድ የለም። ለሁሉም እኩል ነው።»

ይሳደባል ብዬ ነበር። «ልክ ነሽ» አለኝ።

ቢሰድበኝ ኖሮ ይህን ጊዜ ረስቼው ነበር።

ያ ዓመት ለሱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። በበጋው እንደ ወትሮው አጠመደ፤ ግን ዓሣ አምጥቶ ሲሰጠኝ አይቀመጥም፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ የረሳው ነገር ያለ ይመስል በሩ ላይ ይዞራል። ሰማዩን ያያል። ክረምቱ ሲቃረብ የመንደሩ ሰው ሁሉ ሰማይ ማየት ጀመረ። ዝናቡ ጣለ። ላጋ ዲማ ቀላ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የገበያ ያህል ሰው ኩሬው ዳር ተሰበሰበ፤ እኔም ከልጆቼ ጋር ነበርኩ።

ዓሣው መጣ። ኩሬው እንደ ድስት ፈላ። ጀርባው ጀርባ ላይ እየወጣ፣ ጭራው ውኃውን እየመታ፣ እንዳለፈው ዓመት፣ ምናልባት ከዚያም በላይ። ሰው እልል አለ። ቶላ ጥፍሩን ከራሱ በላይ እያዞረ ጨፈረ።

እኔ የማየው ኦቦ ፉፋን ነበር። ወንዙን ተረትቷል፤ እንጀራውን ተረትቷል። እናም ፊቱ በርቷል! ውሸት ከሆነ እግዜር ይፍረድብኝ፤ ያን ያህል የተደሰተ ሰው ሠርግ ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም። አንጓዬን ይዞ ይጎትተኛል። «እዪ፣ አስካለ! እዪ፣ መጥተዋል! ይችን ትልቋን እዪ!» ይላል። የተረታው ራሱ መሆኑን ፈጽሞ የረሳ ይመስላል።

ከዚያ ትዝ አለው። ለዚህ ቀን ይዞት የመጣውን ክር ከወገቡ ፈታ፣ መንጠቆውን ጠቀለለበትና ወደ እኔ ዘረጋ። «ተቀበዪኝ።»

ጭፈራው ቆመ። ቶላ ራሱ አፈረ መሰለኝ፣ «ኧረ ተው ፉፋ፣ ጨዋታ ነው! ያንተ አንድ መንጠቆ ማንን ይጎዳል? ተዪው እንጂ አዴ አስካለ» አለ። ሌሎቹም «ማሎ፣ ተዪው» አሉኝ።

«አይሆንም» አልኩ። «ዋስ ነኝ።» እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩት።

በዚያው ሳምንት ከሚስቱ ከአዴ ጫልቱ ጋር ዕቃውን ተሸክሞ አርጆ ገባ። ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነ አሉ።

ቀጥሎ የሆነውን እሱ በውርርዱ ዕለት መንገድ ላይ አስቀድሞ ነግሮኛል። ሁለት ክረምት ደህና አለፈ። በሦስተኛው ሳሳ። በአራተኛው ዓሣው ትንንሽ ሆነ፣ እንቁላሉም እፍኝ አይሞላም። በአምስተኛው ላጋ ዲማ ቀላ፣ ኩሬው ሞላ፣ ሰው ጥፍሩን ይዞ ተሰለፈ፤ ጥፍሩ ባዶውን ገብቶ ባዶውን ወጣ። ሙሴ ያኒ ጨውን ይዞ ሦስት ቀን ጠበቀ። አራተኛው ቀን የሁላችንንም እጅ ጨብጦ ሄደ፤ ተመልሶ አልመጣም። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚሸጥለትን ገዛ። ቶላ ጥፍሩን አቅልጦ ዶማ ሠራ፤ ውርርዱን ግን ያስታወሰ ያለ አይመስለኝም። ወንዶቹ ቡና ለቀማ ወደ በደሌ ሄዱ። እኔም ለሾፌሮቹ ምስር መቀቀል ጀመርኩ።

ምስሩን ስለቅም ያ ሃምሳ እርምጃ ፊቴ ላይ ይመጣል። አንድ ጠዋት ድስቱን አውርጄ ግራዝማች ቤት ሄድኩ። እርጅና አድክሟቸዋል። ነገሩን ሳስረዳቸው ፈገግ አሉ። «ይመለስ፤ ፈቅጃለሁ። ዋስነትሽም ወርዷል» አሉኝ። በዚያው ቀን መኪና ይዤ አርጆ ወጣሁ።

ወፍጮ ቤቱ ጓሮ አገኘሁት። ሽታው ተለውጧል፤ ዱቄት ዱቄት ይላል። ቅንድቡ ነጭ ነው፤ በዱቄት ይሁን በሽበት አልለየሁትም። ሳልቀመጥ ነገርኩት። «አልተረታህም። ልክ ነበርክ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያን ዕለት መመለስ ነበረብን። ግራዝማችም ወንዙን ፈቅደውልሃል።»

«ማን ባለበት ፈቀዱ?» አለ።

«እኔና እሳቸው ነበርን።»

«እኔ ስረታ ገበያ ሙሉ ሰው አይቶኛል። አሁን አንቺ ጓሮ መጥተሽ በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ።» አልተቆጣም፤ ለልጅ እንደሚያስረዳ ነው የሚያወራው። «እንዲህ አይሆንም፣ አስካለ። እዚያው ሾላ ሥር፣ በገበያ ቀን፣ ለኔ ያልሽኝን ለእነሱ በያቸው። ያን ቀን ሰው ላኪብኝ፤ መጥቼ እሰማለሁ። ከዚያ ወንዝ እገባለሁ።»

«በሚመጣው ቅዳሜ» አልኩት።

በሚመጣው ቅዳሜ ዝናብ ሆነ። በቀጣዩ የቶላ ልጅ ታማ ነበርና ጊዜው አይደለም አልኩ። በሦስተኛው ግብር ሰብሳቢዎች መጡ፤ ሰው ተከፍቷል አልኩ። ምክንያት አላጣሁም። እውነቱ ሌላ ነው። እሱ ልክ ነበር ብዬ ለመናገር፣ እኔ በጨው በተቆራረጠ እጄ መንጠቆውን የተቀበልኩ መሆኔን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ነበረብኝ። አፌ ለሌላ ሰው ጥፋት ስል ነው፤ ለራሴ ሲሆን ተለጎመ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ክረምት አለፈ፤ ሁለተኛውም። ከዚያ ያ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ።

በማግሥቱ አርጆ ሄድኩ። ለቅሶ ቤቱ ዳስ ተጥሏል፤ ሰውም ብዙ ነው። ከዴዴሳ የመጡም ነበሩ፤ ቶላን አየሁት። ወንዶቹ አጠገብ ሳልፍ አንዱ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ ሰማሁ፦ «ያ ከዓሣ ጋር ተሟግቶ የተረታው ነው።» ሌላው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

ዳሱ መሃል ቆምኩ። ነጠላዬን አሸረጥኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ጥፍሩን፣ ውርርዱን፣ መንገድ ላይ ያለኝን፣ ሃምሳውን እርምጃ፣ እጄን መዘርጋቴን፣ የዘለልኳቸውን ቅዳሜዎች። ቶላ እያየኝ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። «ኦቦ ፉፋ አልተረታም» አልኩ። «እሱ ልክ ነበር። ያስረታሁት እኔ ነኝ፣ ዋሱ።»

አንድ ሽማግሌ «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉ።

አዴ ጫልቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ታቅፈኛለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ፊት ለፊቴ ቆመች። ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ንጹሑን ልብሱን ይለብስ ነበር» አለችኝ። «በር ላይ ይቀመጣል። ‹አስካለ ሰው ትልክብኛለች› ይላል። ሲመሽ አውልቆ ያጥፈዋል። ያለፈው ቅዳሜም ለብሶት ነበር።»

ይህን ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ተቀመጪ ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልተቀመጥኩም።